ፈጣኑ ምርመራ የቱ ነው? ከመጀመሪያው ሳል እስከ መጀመሪያው ክኒን



የመተንፈሻ አካል ባክቴሪያዎችን በፍጥነት ስለሚለዩ የላቦራቶሪ ዘዴዎች እንድናገርና እንዳነጻጽር ጋብዛችሁኛል። ርዕሱ ሲሰሙት የባለሙያ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከቤቱ፣ ከጎረቤቱ ወይም ከዘመዱ አንድ ሰው በቲቢ፣ በሶማሊኛው በቃሖ፣ ሲታመም ያላየ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለባለሙያውም ለእናቶችም በሚገባ ቋንቋ ለመናገር እሞክራለሁ። ብዙውን ጊዜዬን ለሳንባ ነቀርሳ እሰጣለሁ፤ ሌሎቹን የሳንባ ባክቴሪያዎች ግን ሳልነካ አላልፍም።

ዛሬ ይዤ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው፤ እየደጋገምኩ እመለስበታለሁ። የምርመራ ፍጥነት መቆጠር ያለበት ናሙናው መሣሪያው ውስጥ ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ አይደለም። ሰውየው ማሳል ከጀመረበት ቀን ተነሥተን የመጀመሪያውን ክኒን እስከዋጠበት ቀን ድረስ እንቁጠር። በዚህ ቆጠራ ስንሄድ ፈጣን የምንለው ዘገምተኛ፣ ዘገምተኛ የምንለው ደግሞ ፈጣን ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ከዚሁ ከራሳችን አካባቢ፣ ከሶማሌ ክልል፣ ልጀምር። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በጅጅጋና በሽኒሌ ዞኖች፣ ዛሬ ፋፋንና ሲቲ በምንላቸው ማለት ነው፣ 226 የሳንባ ቲቢ ሕሙማንን ጠይቋል። ጥያቄው ሕመሙ ከጀመራችሁ ስንት ቀን ቆይታችሁ ወደ ሕክምና መጣችሁ የሚል ነበር። መልሶቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ መካከለኛው 60 ቀን ሆነ። ከሕሙማኑ ግማሾቹ ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ እያሳሉ ቆይተዋል ማለት ነው። ከብት ተከትለው የሚንቀሳቀሱት አርብቶ አደሮች ደግሞ ከሌላው የበለጠ ዘግይተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያው በዝቷል፣ መንገዱም ተሻሽሏል። ቢሆንም ቁጥሩን ከአእምሮዬ አላወጣውም፤ እናንተም ያዙልኝ።

ምክንያቱም 60 ቀን ቆይቶ በመጣ ሰው ፊት በሁለት ሰዓት ውጤት የሚሰጥ መሣሪያና በሁለት ቀን ውጤት የሚሰጥ ዘዴ ቢቆሙ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከጠቅላላው ጊዜ ትንሹ ክፍል ነው። በእነዚያ 60 ቀናት ውስጥ ሰውየው በአንድ አቃል፣ በአርብቶ አደሩ ጎጆ፣ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ያድራል። ሌሊቱን ሙሉ ያስላል። የሚያስለው አየር ወዴት እንደሚሄድ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዘዴዎቹን አንድ በአንድ ስንመዝን እያንዳንዱን ሦስት ነገር እንጠይቀዋለን፦ የት ድረስ ወርዶ ሕመምተኛውን ያገኘዋል? ማንን ያመልጠዋል? ምን ሳይነግረን ይቀራል?

በማይክሮስኮፕ እንጀምር። ሮበርት ኮህ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ይፋ ያደረገው በመጋቢት 24 ቀን 1882 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ ሳይቆይ ዚልና ኔልሰን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን የማቅለሚያውን ዘዴ አሻሻሉት፤ ዛሬም በጤና ጣቢያዎቻችን የምንሠራበት በስማቸው የሚጠራው ዘዴ ነው። አክታው ስላይድ ላይ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ቀይ ቀለም ይፈስበትና ከሥሩ በእሳት ይሞቃል። ከዚያ በአሲድና በአልኮል ይታጠባል። ሌላው ሁሉ ቀለሙን ሲለቅ የቲቢ ባክቴሪያ ቆዳው ሰም የተቀባ ያህል ስለሆነ አይለቅም። በሰማያዊው መደብ ላይ ቀይ ዘንጎች ሆኖ ይታያል። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ በርካሽ የሚሠራ፣ ጤና ጣቢያ ድረስ የወረደ ዘዴ ነው። ይህን ሥራ ለዓመታት አንገታቸውን አቀርቅረው የሠሩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች በዚህ አዳራሽ አሉ፤ ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ታዲያ ማንን ያመልጠዋል? በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያው እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚደርስ መኖር አለበት። ሕመሙ ገና ሲጀምር፣ ሰውየው ኤችአይቪ ሲኖርበት፣ ሕመምተኛው ልጅ ሲሆን ቁጥሩ ከዚያ በታች ይሆናል። ስላይዱ ንጹሕ ይመስላል፤ ሰውየው «ነጻ ነህ» ተብሎ ይሸኛል፤ ሳሉን ይዞ ወደ መንደሩ ይመለሳል። በተመላላሽ ብዛት ደግሞ ባለሙያው ይደክማል። አንድ ሰው በቀን ከ20 እስከ 25 ስላይድ በላይ በጥንቃቄ ማየት እንደማይችል የዓለም ጤና ድርጅት አስቀምጧል፤ ወረፋው ግን ይህን አይጠይቅም።

የኤልኢዲ ብርሃን ያለው ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ነገሩ ትንሽ ቀለለ። ባክቴሪያው በጥቁር መደብ ላይ እያበራ ስለሚታይ ባለሙያው ሰፊ ቦታ በአጭር ጊዜ ያያል፤ ከአሮጌው ዘዴ ይልቅ ከመቶ አሥር ያህል ተጨማሪ ሕሙማንን ያገኛል። ነገር ግን ስለ መድኃኒት መላመድ ምንም አይነግረንም፤ ከድሮው ማይክሮስኮፕ የወረሰው ጉድለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙም የማይነገር አንድ ነገር ልጨምር፤ ውኃ። ጅጅጋ ውኃ በቦቴ የሚገዛባት፣ በርሜል ውስጥ ቀናት የሚቆይባት ከተማ ናት። በውኃ መስመርና በማጠራቀሚያ ውስጥ የሚኖሩ፣ ብዙውን ጊዜ ሰውን የማያሳምሙ የቲቢ ዘመዶች አሉ። ስላይዱን በዚያ ውኃ ካጠብነው እነርሱም ቀይ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ሰው ቲቢ ሳይኖርበት ቲቢ አለብህ ይባላል። ስለዚህ ማቅለሚያው የሚዘጋጅበትና ስላይዱ የሚታጠብበት ውኃ የተጣራ መሆን አለበት። ይህን የሚያህል ትንሽ ነገር የስድስት ወር መድኃኒት ያለ ምክንያት ያስውጣል።

ቀጥዬ ወደ ጂን ኤክስፐርት፣ በተለምዶ ኤክስፐርት ወደምንለው መሣሪያ እሄዳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የደገፈው በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ኢትዮጵያም ብዙ ሳትቆይ ሥራ ላይ አዋለችው፤ ዛሬ በብሔራዊው መመሪያ የመጀመሪያ ምርመራ ሆኗል። አሠራሩ ይህን ይመስላል። አክታው ሁለት እጥፍ ከሚሆን ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል፣ ይነቀነቃል፣ 15 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ካርትሬጅ በሚባል ትንሽ ዕቃ ውስጥ ይጨመርና መሣሪያው ውስጥ ይገባል። የቀረውን መሣሪያው ራሱ ይሠራዋል፦ ባክቴሪያውን ይሰብራል፣ የዘር ቅንጣቱን ያወጣል፣ ቅንጣቱን ደጋግሞ ያባዛል። ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሁለት መልስ ይሰጣል። አንደኛ፣ የቲቢ ባክቴሪያ አለ ወይስ የለም? ሁለተኛ፣ ዋነኛው መድኃኒት ሪፋምፒሲን ይሠራበታል ወይስ አይሠራበትም?

ሁለተኛው መልስ ትልቅ ነገር ነው። ድሮ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚታወቀው ሰውየው ወራት መድኃኒት ውጦ ሳይሻለው ሲቀር ነበር፤ እስከዚያ ድረስ የተላመደውን ባክቴሪያ ለቤተሰቡ እያካፈለ ይከርማል። ዛሬ በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች ዝርዝር ወጥታለች። ከዚህ ለመድረስ ብዙ ሰው ለፍቷል፤ ቀድሞ ማወቅ መቻሉ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አምናለሁ። ይሁንና የቲቢ ሕሙማን በጠቅላላ ከሚበዙባቸው አገሮች ዝርዝር ገና አልወጣችም።

በማየት ኃይሉም ቢሆን ከማይክሮስኮፕ ጋር አይነጻጸርም። የመጀመሪያው ካርትሬጅ በሚሊ ሊትር 131 ያህል ባክቴሪያ ካለ ያገኘዋል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የተደገፈው አልትራ የተባለው ደግሞ ወደ 16 ወርዷል። ከ5,000 ወደ 16 ማለት ነው! በስላይድ «ነጻ ነህ» ተብሎ የተሸኘው ሰው እዚህ ይገኛል።

እንግዲህ ኤክስፐርት አሸነፈ ብለን እንሂድ? ቆዩ። የመጀመሪያውን ጥያቄያችንን እንጠይቀው፤ የት ድረስ ይወርዳል? መሣሪያው በትክክል የሚሠራው ክፍሉ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ካርትሬጁም ከ28 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም። ጅጅጋ ደጋማ ስለሆነች ይህ ብዙ አያስቸግራት ይሆናል። ወደ ሽኒሌ፣ ወደ ኤረር፣ ወደ አይሻ ስትወርዱ ግን ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። የክፍሉ ማቀዝቀዣ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ መሣሪያው ስህተት ብሎ ይቆማል። የተጀመረው ምርመራ ይበላሻል፣ ካርትሬጁ ይጣላል። በ2012 እ.ኤ.አ. በድርድር ወደ 9.98 ዶላር የወረደው የአንዱ ካርትሬጅ ዋጋ በ2023 እ.ኤ.አ. 7.97 ደርሷል። ረክሷል፤ ግን በመብራት መቋረጥ የሚጣል ዕቃ አይደለም። መሣሪያው ደግሞ በየዓመቱ ልኬቱ መታረም አለበት። አራት ሞጁል፣ ማለትም አራት የመመርመሪያ ክፍል፣ ያለው በሥራ ቀን 16 ገደማ ናሙና ይሠራል፤ ሁለቱ ሞጁሎች ከተበላሹ ስምንት። ጥገና የሚዘገይበት ቦታ ላይ የተቀመጠ ኤክስፐርት ጨርቅ ለብሶ ይከርማል።

የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ማሽኑን ከመግዛት በፊት የመብራት ማቆያው፣ የሚጠግነው ሰውና የመለዋወጫው በጀት ይያዝ። በባትሪ የሚሠራ ትሩናት የተባለ ሌላ መሣሪያም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ደግፎታል። በሥራው ከኤክስፐርት ይልቅ የባለሙያ እጅ ይጠይቃል፤ ግን መብራት አስተማማኝ ላልሆነባቸው ከተሞች ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ኤክስፐርት ምን ሳይነግረን ይቀራል? ይህ ለዚህ አካባቢ ከሁሉ በላይ የሚመለከት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መሣሪያው የሚያየው የባክቴሪያውን የዘር ቅንጣት ነው። ቅንጣቱ ባክቴሪያው ከሞተም በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አክታ ውስጥ ይገኛል። ከዚህ በፊት ታክሞ የዳነ ሰው ጉንፋን ይዞት ቢመረመር ኤክስፐርቱ «አለ» ሊል ይችላል። በድንበር ከተማዋ በቶጎ ውጫሌ በኩል በየቀኑ ስንት ሰው እንደሚገባና እንደሚወጣ አስቡ። ሐርጌሳ መድኃኒት ጀምሮ እዚህ የሚቀጥል አለ፤ እዚህ ጨርሶ እዚያ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ አለ። በቀብሪበያህ፣ በአው በሬና በሸደር የስደተኛ ጣቢያዎችም ብዙ አገር ያቋረጠ ሰው ይኖራል። ስለዚህ አክታ ከመቀበላችን በፊት «ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስደሃል ወይ? የት? መቼ?» ብሎ መጠየቅ የምርመራው አካል ነው። በጥያቄ ወረቀቱ ላይ ያ ቦታ ባዶ ሆኖ የመጣ ናሙና በግማሽ እንደተሠራ ቁጠሩት።

ከዚሁ የተነሣ ሕመምተኛው መድኃኒቱ እየሠራለት እንደሆነ ለማየት በኤክስፐርት አንከታተልም። በሁለተኛው ወር፣ በአምስተኛው ወርና በመጨረሻ የሚደረገው ክትትል አሁንም የማይክሮስኮፕ ነው። ኤክስፐርት ሲመጣ ማይክሮስኮፑን ወደ መጋዘን የወረወረ ላቦራቶሪ ካለ አውጥቶ ይጥረገው።

ሁለተኛው ዝምታው ስለ ወተት ነው። የከብት ቲቢ የሚባል አለ፤ በላቦራቶሪ ስሙ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ ነው። ሳይፈላ በሚጠጣ ወተት ወደ ሰው ይገባል። በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ በአርብቶ አደሮችና በከብቶቻቸው ላይ በተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ይህ ባክቴሪያ ከሰዎች ተገኝቷል፤ በተቃራኒው ደግሞ የሰው ቲቢ ከግመል ተገኝቷል። እኛ ከብቶቻችንን፣ ከብቶቻችንም እኛን ያሳምሙናል። ኤክስፐርት ሁለቱን አይለያቸውም፤ ለሁለቱም «ቲቢ አለ» ይላል። የከብቱ ቲቢ ግን ከአራቱ የመጀመሪያ መድኃኒቶች አንዱን፣ ፒራዚናማይድን፣ በተፈጥሮው ይቋቋማል። ሕሙማኑ ብዙ ባይሆኑም በግመልና በላም ወተት በሚኖር ሕዝብ መካከል ይህን የሚለይ ምርመራ እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም። እናቶች ደግሞ ላቦራቶሪውን ሳትጠብቁ ወተቱን አፍሉት። የግመል ወተት ሲፈላ ኃይሉን ያጣል የሚል እምነት እንዳለ አውቃለሁ፤ እሳቱ የሚገድለው ባክቴሪያውን ነው።

ሦስተኛው፣ ይህ የኤክስፐርት ምርመራ የሚመልሰው ስለ ሪፋምፒሲን ብቻ ነው። ሌላውን ዋና መድኃኒት፣ አይሶናያዚድን፣ ብቻ የተላመደ ባክቴሪያ ሳይታወቅ ያልፈዋል። እዚህ ላይ ካልቸር ይመጣል።

ካልቸር ባክቴሪያውን ምግብ ሰጥቶ ማብቀል ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ሁለት ለመሆን 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ብዙዎቹ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይህን በግማሽ ሰዓት ይጨርሱታል። ስለዚህ በጠጣሩ ምግብ ላይ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ኤምጂት በሚባለው ፈሳሽ ዘዴ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት እንጠብቃለን፤ የለም ለማለት ግን 42 ቀን መሙላት አለበት። በሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ካለ ይበቅላል። ሕያውን ብቻ ያሳያል፣ ብዙ መድኃኒቶችን ለመፈተን ያስችላል። ጥንቃቄ የተሞላበት ልዩ ክፍል ስለሚፈልግ በየከተማው አይሠራም፤ ከእኛ ናሙናው የካራማራን ተራራ ተሻግሮ ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። በመካከል ላይን ፕሮብ የሚባል በወረቀት ላይ መስመር እያወጣ የሚያሳይ የዘር ምርመራ አለ፤ በሁለት ቀን ሪፋምፒሲንንና አይሶናያዚድን ይፈትናል። ሦስት የተለያዩ ክፍሎችና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል።

ካልቸር ዘገምተኛ ነው ብላችሁ አትናቁት። ኤክስፐርቱ «ተላምዷል» ላለው፣ ታክሞ ለተመለሰበት፣ በሁለተኛው ወር አክታው ላልጸዳለት ሰው ትክክለኛውን መድኃኒት የሚያገኝለት እርሱ ነው። በተሳሳተ መድኃኒት ስድስት ወር ከመቆየት በትክክለኛው ለመጀመር ስድስት ሳምንት መጠበቅ ፈጥኖ ያድናል። እስከ ክኒኑ ድረስ እንቁጠር ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለ ልጆች ሳልናገር ብወርድ አግባብ አይሆንም። የሦስት ዓመት ልጅ አክታ አውጣ ቢሉት አያወጣም፤ ይውጠዋል። የተዋጠው አክታ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ዓይነ ምድሩን በቀላል መንገድ አዘጋጅቶ በኤክስፐርት መመርመር የሚቻልበት ዘዴ ተገኝቷል፤ ዘዴው ከተፈተሸባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ያው መሣሪያ፣ ያው ካርትሬጅ፣ የናሙና ዕቃ ብቻ ነው የሚቀየረው። የልጅ ቲቢ በቱቦ ሆድ ዕቃ ውስጥ ገብቶ የሚፈለግበት ዘመን በእኛ ልጆች ላይ እንዲቀጥል ምክንያት የለም። ኤችአይቪ ላለበትና በጠና ለታመመ ሰው ደግሞ በሽንት የሚሠራ ወረቀት አለ፤ መብራት አይፈልግም፣ በ25 ደቂቃ ያልቃል። ከሁሉም ፈጣኑ እርሱ ነው፤ ግን ለሁሉም ሰው አይሠራም።

ሳል ሁሉ ቲቢ አይደለም። ይህን ክፍል ባጭሩ አልፈዋለሁ። በድንገት ትኩሳት ይዞት፣ ጎኑን እየወጋው፣ ትንፋሽ አጥሮት የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሳንባ ምች ነው፤ ከባክቴሪያዎቹ ዋነኛው ኒሞኮከስ ይባላል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጆቻችን ክትባቱን ያገኛሉ። እዚህ ግራም የሚባለው ማቅለሚያ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አቅጣጫ ያሳያል፤ ካልቸሩም ከቲቢው በተለየ በአንድና በሁለት ቀን ይደርሳል። ብዙ ጀርም በአንድ ጊዜ የሚፈልጉ ዘመናዊ የዘር ምርመራዎች አሉ፤ ውድ ናቸው፤ ከዚህ በላይ ደግሞ ሕመምተኛውን ያላሳመመ፣ ጉሮሮው ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ባክቴሪያንም ስለሚያገኙ ሐኪሙን ሊያሳስቱ ይችላሉ። በሽንት የሚሠራው የኒሞኮከስ ፈጣን ምርመራም በልጆች ላይ በዚሁ ምክንያት አይታመንም።

ስለ ካልቸሩ ምግብ አንድ ነገር ላንሣ። ለኒሞኮከስ የሚስማማው የበግ ደም የተጨመረበት ምግብ ነው። በየአገሩ ያሉ ላቦራቶሪዎች በግ ስለሌላቸው ጊዜው ያለፈበት የሰው ደም ሲጠቀሙ ይታያል፤ ይህ ለባለሙያውም አደገኛ ነው፣ ባክቴሪያውም በደንብ አይበቅልበትም። ጥቁር ራስ በጎቿ ባሕር ተሻግረው በሚሸጡባት ምድር የላቦራቶሪ በግ አጣን ማለት አንችልም። ሁለት ጤነኛ በጎች፣ አንድ የእንስሳት ሐኪምና ንጹሕ መርፌ ይበቃሉ። የዩኒቨርሲቲው የእንስሳትና የሕክምና ተማሪዎች አንድ ላይ ቢሠሩት ለሌላው ክልል የሚተርፍ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ፤ ፍጥነት የሚገኘውም የሚጠፋውም ከሁሉ በላይ እዚያ ነው። አወዳይ ላይ ጠዋት የተቆረጠ ጫት በዚያው ቀን ጅጅጋ ይደርሳል፣ ቶጎ ውጫሌንም አልፎ ይሄዳል። ማንም ሰው አላዘዘም፤ ጫቱ ካደረ እንደሚጠወልግ፣ ከጠወለገ ዋጋ እንደሌለው ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ለኤክስፐርት የሚላክ አክታ ከጫት ይሻላል፤ ከ35 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ሦስት ቀን ይቆያል፣ በማቀዝቀዣ ከሆነ እስከ አሥር ቀን። እንዲህ ከሆነ ከቀብሪበያህ ወይም ከቶጎ ውጫሌ አክታ ጅጅጋ ለመድረስ ሳምንት የሚፈጅበት ምክንያት የለም። የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት የሕክምና ናሙና ማመላለስ ከጀመረ ቆይቷል። የሚጎድለው በየጤና ጣቢያው ናሙናው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ የተለጠፈ ፕሮግራምና ያንን ቀን የሚያከብር ሰው ነው።

የሲቲ ዞን ነገር ደግሞ ለየት ይላል። ከሽኒሌ ድሬዳዋ ቅርብ ናት፤ ጅጅጋ ሩቅ ናት። ከኤረርም ከአዲጋላም መንገዱ የሚወስደው ወደ ድሬዳዋ ነው። ሰው ሲታመም ድሬዳዋ ወዳለው ድል ጮራ ሆስፒታል ይሄዳል እንጂ ካራማራን አቋርጦ አይመጣም። ናሙናውም እንደ ሰው ይሂድ። የአስተዳደር ወሰን ለበጀት ይጠቅም ይሆናል፤ አክታ ግን በአቅራቢያው ባለው መሣሪያ ቢመረመርና ውጤቱ ለሁለቱም ቢላክ ማን ይጎዳል? ክልሉና ድሬዳዋ በዚህ ላይ ተቀምጠው የጽሑፍ ስምምነት እንዲያደርጉ በዚህ መድረክ እጠይቃለሁ።

ናሙናው ሲሄድ ውጤቱ መመለስ አለበት። ከአርብቶ አደር ቤተሰብ የመጣ ሰው አክታ ሰጥቶ ሲሄድ በሳምንቱ ዝናብ ወደዘነበበት ሊሰደድ ይችላል። ወረቀቱ ጤና ጣቢያው መሳቢያ ውስጥ ይጠብቀዋል፤ እርሱ ግን ሃውድ ወደሚባለው የግጦሽ ምድር ገብቷል። የሁለት ሰዓቱ ምርመራ የሁለት ወር ሆነ። ዛሬ ግመል በሚጠብቅ ወጣት ኪስ እንኳ ስልክ አይጠፋም። አክታ ስንቀበል የራሱን፣ የወንድሙንና ቡና የሚጠጣበት ሱቅ ያለውን ሰው ስልክ እንመዝግብ። ውጤቱ በወጣበት ቀን በሶማሊኛ እንደውልለት፤ የበሽታውን ስም ለሌላ ሰው ሳንናገር፣ «ና፣ መድኃኒትህ ደርሷል» ብለን ብቻ። ሰው በቃሖ መታማት ይፈራል፤ ምስጢሩን ካልጠበቅንለት ከነጭራሹ አይመጣም።

ሽማግሌዎቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው በመንደራችሁ ሲኖር «ብርድ ነው፣ ያልፋል» አትበሉት። እናንተ አንድ ቃል ብትናገሩት ጧት ተነሥቶ ይሄዳል፤ እኛ አሥር ጊዜ ብንናገረው ላይሰማን ይችላል። ከ60ው ቀን ሰፊውን ማሳጠር የሚችል መሣሪያ አልተሠራም፤ የእናንተ ቃል ግን ይችላል። ሲመጣ ደግሞ ምራቅ ሳይሆን ከደረት የወጣ አክታ፣ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ሆኖ እንዲሰጥ እናሳየዋለን። ምራቅ የተሞላ ዕቃ ለአልትራ ብንሰጠውም የሚያገኘው ምራቅ ነው።

ለባልደረቦቼ አንድ ሥራ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ ልትሠሩት የምትችሉት። በቲቢ መዝገባችሁ ጠርዝ ላይ አራት ቀኖች ጻፉ፦ ሳሉ የጀመረበት፣ አክታው የተሰጠበት፣ ውጤቱ የወጣበት፣ የመጀመሪያው ክኒን የተዋጠበት። ከሦስት ወር በኋላ ከጅጅጋ፣ ከቀብሪበያህ፣ ከቶጎ ውጫሌ፣ ከሽኒሌና ከአይሻ የመጡትን መዝገቦች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ማይክሮስኮፕ ብቻ ያለው ጤና ጣቢያ ኤክስፐርት ካለው ሆስፒታል ቀድሞ ክኒን የሚያስጀምርበት ቦታ ካለ እናየዋለን። ኤክስፐርት የት መጨመር እንዳለበት፣ የት ደግሞ ሞተር ብስክሌትና ነዳጅ ቢገዛ እንደሚሻል ከዚያ መዝገብ እናነባለን። በጀት ጠያቂው ቢሮም ያንን ወረቀት ይዞ ቢሄድ ባዶ እጁን አይመለስም ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ከሲቲ ዞን የመጣችሁ ካላችሁ እናንተ ቅደሙ፤ የናሙናው መንገድ የሚረዝመው በእናንተ ላይ ስለሆነ ስለ ድሬዳዋው ሐሳብ ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ።